ከስድስቱ ያነሰው ሰባተኛ ጠገራ ብር፦ ክብደቱን እንዴት ላጣራ?

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። አያቴ በሙዳይ ያቆዩልን ሰባት ጠገራ ብር አለ። እናቴ ሁሉንም አስቀልጣ መስቀል ልታሠራበት ስላሰበች፣ ከዚያ በፊት ክብደቱን ለማወቅ ቅዳሜ ገበያ አንድ ቅመም ነጋዴ ዘንድ አስመዘንኩት፤ ሚዛናቸው ግን በአምስት በአምስት ግራም የሚዘል ስለሆነ ምንም አልጠቀመኝም። በኋላ እስከ 0.01 ግራም የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ተውሼ ስመዝን፣ ስድስቱ ከ27.8 እስከ 28.1 ግራም ሲሆኑ አንዱ 24.31 ግራም ብቻ ሆነ። ስፋቱም ሆነ በላዩ ያለው የ1780 ቁጥር ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። ለአንገት ማንጠልጠያ መበሳቱ ብቻ ይለየዋል። ጉድለቱ ከቀዳዳው ነው፣ በማለቁ ነው፣ ወይስ ሚዛኑ ነው የሚያሳስተኝ?

መልስ (የፊዚክስ መምህር)

በመጀመሪያ ሚዛኑን ይፈትኑ። እንዲህ ያለ ሚዛን በትንፋሽ እንኳ ስለሚወዛወዝ መስኮትና በር ዘግተው፣ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፤ ባዶውን ዜሮ ማሳየቱን እያረጋገጡም ሳንቲሙን አምስት ጊዜ እያነሡ መልሰው ይመዝኑ። የታወቀ መመዘኛ ከሌለዎት ከስድስቱ አንዱን ይጠቀሙ፤ ለብቻው 28.02 ከመዘነና ከተጠረጠረው ጋር አብሮ ሲጫን ድምሩ 52.33 ከሆነ፣ ሚዛኑ ቢያንስ በሁለቱ መካከል አያዳላም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲጂታል ሚዛን የሚለካው የመሬትን ስበት ነው። ጎንደር ለምድር ወገብ ቅርብ ከመሆኗም በላይ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ ስበቱ ሚዛኑ ከተስተካከለበት አገር በጥቂቱ ሊያንስ ይችላል። ይህ ግን በአንድ ጠገራ ብር ላይ ከ0.1 ግራም ያነሰ ልዩነት ነው፤ ደግሞም ሰባቱንም እኩል ይነካቸዋል እንጂ አንዱን ለይቶ 3.7 ግራም አያጎድልም።

መልስ (ሳንቲም ሰብሳቢ)

ጠገራ ብር የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ብር ነው፤ ሕጋዊ ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከሺህ 833 እጁ ጥሩ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ብዙ እጅ የነካው ጥቂት ሊጎድል ይችላል፤ የእርስዎ ግን ያን ያህል ቢያልቅ ኖሮ የንግሥቲቱ ፊት ጠፍቶ ልሙጥ በሆነ ነበር። ቀዳዳውም አያሳብብም፤ ስፋቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚወስደው ከ0.2 ግራም አይበልጥም። በቁጥሩም አይተማመኑ፤ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላ በቪየናም፣ በሮማም፣ በለንደንም፣ በቦምቤይም የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው።

መልስ (ሌላ አባል)

ማግኔት ያስጠጉለት፤ ካልሳበው ብር ነው።

መልስ (አንጥረኛ፣ ከአዘዞ)

ወንድሜ፣ ማግኔት የሚያጋልጠው ብረትንና እንደ ኒኬል ያሉ ጥቂቶችን ብቻ ነው፤ ናስም መዳብም እርሳስም አይሳቡም። የቀድሞ ሰዎች ወርቅና ብር ሲመዝኑ አንዱን ጠገራ ብር አንድ ወቄት ብለው ራሱን መመዘኛ ያደርጉት ስለነበር፣ የጎደለ ሳንቲም ለእኛ ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

ጠያቂው ዙሪያውን በጣትዎ እየዳሰሱ ያዙሩት። የደህናው ጠርዝ ከፍ ከፍ ያሉ የላቲን ፊደላትና ጌጦች አሉበት፤ ፊደሎቹ «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ትርጉም አላቸው። በቅርጽ ፈሶ የተሠራ ከሆነ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ የሞረድ ምልክትም ሊታይ ይችላል። የቀዳዳውንም ውስጥ በስንጥር አጽድተው በፀሐይ ይዩት፤ ከላይ የተቀባው ብር መጀመሪያ የሚያልቀው ክር ሲፈትገው የኖረው እዚያ ነው። ሞረድ ግን እንዳያስነኩት። እናትዎም ይህ ሳይለይ አንድ ላይ እንዳያስቀልጡት፤ አንዱ የስድስቱን ብር ያበላሻል።

መልስ (የፊዚክስ መምህር)

የአንጥረኛው ምክር ጥሩ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳይፋቅ የሚለይበትን ልንገርዎ። ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ ታችም ጎንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ይስጠም፤ ያልተበሱትን በክር ማሰር ይበቃል። ሚዛኑ የሚጨምረው ግራም የሳንቲሙ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። የደረቁን ክብደት ለዚህ ያካፍሉት፤ የሚወጣው ጥግግቱ፣ ማለትም አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ የሚመዝነው ግራም ነው። ለደህና ጠገራ ብር 10.2 አካባቢ ሊመጣ ይገባል። ቀዳዳው አየር ይዞ ይዘቱን ከፍ እንዳያደርገው ውኃው ውስጥ ጥቂት የሳሙና ጠብታ ይጨምሩ። ውጤቱ 10.2 ሆኖ ክብደቱ ብቻ ካነሰ፣ ብር ሆኖ የተቆረጠ ወይም የተሞረደ ነው፤ ከ9 በታች ከሆነ ግን ሌላ ማዕድን ነው።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት እንደ ነገራችሁኝ አደረግሁ። ሁለቱን አብሬ ስመዝን 52.32 ወጣ፤ ሚዛኑስ ደህና ነው። ከስድስቱ አንዱ ውኃ ውስጥ 2.75 ጨመረ፤ 28.02 ለ2.75 ሲካፈል 10.19 ነው። የተበሳው ግን 2.82 ጨመረ፤ 24.31 ለ2.82 ሲካፈል 8.62 ሆነ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ከ8.6 ፈቀቅ አላለም። የቀዳዳውን እድፍ በስንጥር ሳወጣው ውስጡ እንደ ቡና ረከቦት ናስ ቢጫ ሆኖ ታየኝ። ጠርዙም ላይ ፊደሎቹ ግማሽ ድረስ ሄደው ይጠፋሉ።

መልስ (አንጥረኛ፣ ከአዘዞ)

እንግዲያው ናስ ነው፤ ስድስቱን ብቻ ይዘው ይሂዱ። ሲያስቀልጡም እፊትዎ ይመዘን፤ ከመቅለጡ በፊትና በኋላ።

መልስ (ሳንቲም ሰብሳቢ)

እባክዎ አይጣሉት፤ የድሮ አስመሳይ ሳንቲም የሚሰበስቡም አሉ። ሲያሳዩት ግን ናስ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩ።

ጠያቂው

አልጥለውም። እናቴ አያቴ ያጠለቁት እሱን እንደነበር ስለነገረችኝ፣ ክብደቱን በወረቀት ጽፌ ከእሱ ጋር ሙዳዩ ውስጥ መልሼዋለሁ።