ወንዶች ይግቡ ወይስ ይቅሩ? ስለ ግሬስ ሆፐር ኮንፈረንስ ክርክር

ኢንጂነር፣ ሲያትል፦
ሰላም ቤተሰብ። አንዷ እህታችን ትናንት በውስጥ መስመር "ግሬስ ሆፐር ልሂድ ወይስ ገንዘቤን ልያዝ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ሲረዝምብኝ ጊዜ እዚህ ይዤው መጣሁ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ግሬስ ሆፐር በኮምፒውተር ሙያ ላይ ላሉ ሴቶች አሜሪካ ውስጥ የሚዘጋጅ ትልቅ ኮንፈረንስ ነው፤ ስሙ የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ የግሬስ ሆፐር ነው። አኒታ ቦርግና ቴል ዊትኒ በ1994 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ሲጀምሩት የመጣው ሰው 500 ገደማ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ2019 ከ25 ሺህ አለፈ። ከዚያ በሴፕቴምበር 2023 ኦርላንዶ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በቪዲዮ አይታችኋል። ሥራ ፈላጊ ወንዶች በብዛት መጡ። ኩባንያዎች ሠራተኛ የሚመለምሉበት ጆብ ፌር ላይ ግፊያና ሰልፍ መዝለል ሆነ። ሲመዘገቡ ስለ ጾታቸው የዋሹ እንደነበሩም አዘጋጆቹ በይፋ ተናገሩ። "ለምን አትከለክሏቸውም?" ሲባሉ ደግሞ የአሜሪካ የፀረ መድልዎ ሕግ አይፈቅድልንም አሉ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ወንዶች ይግቡ ወይስ ይቅሩ?

የራሴን ልናገር። ጥፋቱን በወንዶቹ ላይ ብቻ መደፍደፍ አልፈልግም። ኮንፈረንሱ ከዓመት ዓመት የሥራ ገበያ እየሆነ ሄዷል። ቡዙ (የኩባንያዎቹ መመልመያ ዳስ) ሴሽኑን (ንግግሩንና ትምህርቱን) ዋጠው። ጆብ ፌሩ ለብቻው ይውጣ፣ ኮንፈረንሱ ወደ ሴሽኑ ይመለስ ባይ ነኝ። ያኔ ሲቪ ለመበተን ብቻ የሚመጣው ሰው በራሱ ጊዜ ይቀራል።

ተማሪ፣ ሜሪላንድ፦
እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና አልስማማም። ሥራ ላለው ሰው ሴሽን ይጣፍጣል። እኔ ግንቦት ላይ እመረቃለሁ። ኦንላይን ያመለከትኩበትን ቦታ መቁጠር ትቻለሁ። አብዛኛው "አልተቀበልንሽም" እንኳን አይልም።

አንድ ሌላ ጆብ ፌር ላይ የሆነብኝን ልንገራችሁ፣ ስሙ ይቅር። ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰለፍኩ። ሲቪዬን የያዝኩበት ፕላስቲክ ፎልደር እጄ ላይ በላብ ረጥቧል። ከፊቴ ሁለት ሰው ሲቀር ከኋላዬ የነበረው ልጅ እጁን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሪክሩተሯም አንስታ ማንበብ ጀመረች። እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ይቅሩ። ለእነሱ ሌላው ጆብ ፌር ሁሉ ክፍት ነው። ለእኛ ያለን ይህ አንድ ነው።

ወንድም፣ ዳላስ፦
እህቴ፣ ያ ልጅ ያደረገው ነውር ነው። በዚህ አልከራከርሽም። የሌላውን ጎን ግን ልንገርሽ። 2023 ላይ እኔ ኦፒቲ ላይ ነበርኩ፤ የውጭ አገር ተማሪ ከተመረቀ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለጊዜው የሚሠራበት ፈቃድ ነው። ከተመረቅሽ በኋላ ያለ ሥራ መቆየት የሚፈቀድልሽ በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው። ያ ዓመት ደግሞ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሰው በሺህ የሚያሰናብቱበት ነበር። ስልሳ ምናምነኛው ቀን ላይ የግሬስ ሆፐርን መመዝገቢያ ገጽ ከፍቼ ክሬዲት ካርዴን እጄ ላይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አልገዛሁም። ታናሽ እህቴ ያኔ ባህር ዳር ኮምፒውተር ሳይንስ ትማር ነበር፤ እሷን ሳስብ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የሄዱት ሁሉ ክፉዎች ናቸው ግን አልልም። ሰው ሲጨንቀው በር ይመርጣል እንዴ? በጾታው የዋሸው ግን ሌባ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ኢንጂነር፣ ሲያትል፦
ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል፣ እኔም በዚያው በር ነው ያለፍኩት። አንድ ነገር ግን አስብልኝ። አሜሪካ ውስጥ በ1984 ኮምፒውተር ሳይንስ ከሚመረቁት 37 ከመቶ ገደማ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ከአምስት አንዷ ገደማ ናት። ሌሎች ሙያዎች ላይ ሴት ስትጨምር እዚህ ቀነሰች። ኮንፈረንሱ የኖረው ለዚህ ነው፣ በአንድ ዓመት የሥራ እጦት አልመጣም።

ሴሽን የምለውም ለጌጥ አይደለም። በ2014 ፊኒክስ ላይ የሆነውን አስታውሱ። የማይክሮሶፍቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሳትያ ናዴላ መድረክ ላይ ተቀምጦ፣ ሴቶች ደመወዝ ይጨመርልኝ ብለው ከመጠየቅ ይልቅ ሥርዓቱን ቢያምኑ እንደሚሻል ተናገረ። ጠያቂዋ፣ ያኔ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበረችው ማሪያ ክላዌ፣ እዚያው መድረክ ላይ አልስማማም አለችው። የራሷንም አወራች። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በዲንነት ስትቀጠር ደመወዟን ሳትደራደር እንደገባች ነገረችን። ገበያውን አጥኑ፣ ከምታምኑት ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ድርድሩን ተለማመዱ አለች። ናዴላ በዚያው ቀን ተሳስቻለሁ አለ።

እኛ ቤት ይሉኝታ አለ። "ስንት ትከፍሉኛላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ብልግና የሚመስለን ብዙ ነን። እኔ ክላዌ ያለችውን ይዤ ወንድሜን ሳሎን ውስጥ አስቀምጬ ተለማመድኩ። እሱ አለቃ ሆነ። ሦስት ጊዜ ድምፄ ተቆረጠ። በአራተኛው ቁጥሩን ጠርቼ ዝም አልኩ። መሥሪያ ቤት ስገባ ያንኑ ደገምኩት። ይህን ከቡዝ አላገኘሁትም።

ቀጣሪ፣ ቨርጂኒያ፦
ከቡዙ ጀርባ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ ልናገር። ለዓመታት በእንደዚህ ያሉ ኮንፈረንሶች ላይ ሰው ስመለምል ኖሬያለሁ። እህቴ ሜሪላንድ፣ ይህን ልብ በይ። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች የኢንተርቪው ቀጠሮው በሩ ከመከፈቱ በፊት ያልቃል። ሰው ሲመዘገብ ሲቪውን ቋት ውስጥ ያስገባል፤ እኛ ከሳምንታት በፊት ከዚያ እንመርጣለን። የተሰለፈውን አብዛኛውን ሰው "ኦንላይን አመልክት" ብለን ነው የምንሸኘው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆመሽ የምታገኚው ብዙውን ጊዜ ይህንን ነው።

ጆብ ፌሩ ይለይ የምትለው የሲያትሏ እህታችን ግን ሂሳቡን አልሠራችውም። አዳራሹን፣ ለተማሪዎች የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ የሚሸፍነው በአብዛኛው የኩባንያው ገንዘብ ነው። ኩባንያው ቡዙን ካጣ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። በቴክ ሙያ ያሉ ሴቶችን ይደግፍ የነበረው ድርጅት ዊሜን ሁ ኮድ በኤፕሪል 2024 ተዘጋ። ተመሳሳዩ ገርልስ ኢን ቴክ በጁላይ ተከተለው። ሁለቱንም ያቆማቸው የገንዘብ እጦት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የወንዶቹ መግባት ሳይሆን ይህ ነው።

መምህር፣ አዲስ አበባ፦
እንደምን ሰነበታችሁ ልጆች። ሁላችሁም ስለ ሥራ ስታወሩ አንድ ነገር ቀረ። ክላዌ የመራችው ሃርቪ መድ ኮሌጅ ከ2006 ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ሴት ተማሪዎችን ወደዚህ ኮንፈረንስ ይወስድ ነበር። ሥራ ፈላጊዎች አልነበሩም፣ ገና የትምህርት ዘርፍ እንኳን አልመረጡም። የመግቢያ ኮርሱንም ጃቫ ከተባለው የኮድ ቋንቋ ፓይተን ወደተባለው ለወጡት፤ ከዚህ በፊት ኮድ የጻፈውንና ያልጻፈውን ለያይተው አስተማሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚመርጡት ሴቶች ከ10 ከመቶ ገደማ ወደ 40 ደረሱ።

የእኔ ተማሪዎች ግን በሩ ላይ የሚጋፋቸው ወንድ የለም። ገና ከበሩ ሳይደርሱ ቪዛ ይይዛቸዋል። ተመራማሪዋ ትምኒት ገብሩ በ2016 ባርሴሎና ላይ በሺህ ከሚቆጠር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ተሰብሳቢ ውስጥ ጥቁሮችን ስትቆጥር ስድስት ነው ያገኘችው። በዓመቱ ከረድኤት አበበ ጋር የጥቁር ተመራማሪዎች ቡድን የሆነውን ብላክ ኢን ኤአይን መሠረቱ። ሁለቱም የእኛው ልጆች ናቸው። በ2018 ለዚያው ጉባኤ ሞንትሪያል ሊሄዱ የነበሩ ብዙ የቡድኑ ተሳታፊዎች የካናዳ ቪዛ ተከለከሉ። በ2020 አይሲኤልአር የተባለው ሌላ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ አዲስ አበባ ይመጣል ተብሎ ተማሪዎቼ ፖስተር እያዘጋጁ ነበር። ኮቪድ መጣና በኦንላይን ሆነ። አንዷ ያዘጋጀችው ፖስተር እስካሁን ቢሮዬ ግድግዳ ላይ አለ።

ኢንጂነር፣ ሲያትል፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። እርስዎ ያሉት ልቤን ነካኝ። የቨርጂኒያዋንም ሰምቻለሁ፤ "ለብቻው ይውጣ" ያልኩትን አንስቻለሁ። ገንዘቡ ከሄደ ሴሽኑም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ቢሆንስ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሴሽን ብቻ ይሁኑ። ጆብ ፌሩ በሦስተኛው ቀን ይከፈት፣ ቅድሚያውም ሴሽን ለተከታተለ ሰው ይሰጥ። ወንድም ይሁን ሴት፣ ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ የሰማ ይግባ። ሕጉም አይነካም።

ግሬስ ሆፐር ራሷ ንግግር ስታደርግ 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ለታዳሚው ታድል ነበር። ኤሌክትሪክ በአንድ ናኖሰከንድ ቢበዛ የሚሄደው ይህን ያህል ነው ብላ። ሰው እጁ ላይ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ከኮንፈረንስ እኔ የምፈልገው እንደዚህ ያለ ነገር ነው።

ወንድም፣ ዳላስ፦
ሁለት ቀን ቁጭ በል ብትሉኝ ኖሮ እቀመጥ ነበር። ምናልባትም ያኔ መሄዴ አያሳፍረኝም ነበር።

ተማሪ፣ ሜሪላንድ፦
እኔ አሁንም ይቅሩ ባይ ነኝ። ሁለት ቀን የተቀመጠ ሁሉ ሰልፍ ላይ እጁን ይሰበስባል ብዬ አላምንም። የቨርጂኒያዋ እህቴ፣ ስለ ሲቪው ቋት ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ዛሬ ማታ ሲቪዬን ብልክልሽ ታይልኛለሽ?

ቀጣሪ፣ ቨርጂኒያ፦
ላኪው። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ። ፕሮጀክቶችሽን ከላይ አድርጊያቸው።