ፓሪስ፣ ማሬ ሰፈር ሆቴል ለመምረጥ ምን ልጠይቅ? (3 ሰው፣ 4 ሌሊት)

ለምለሚቱ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከመስከረም 20 ጀምሮ ፓሪስ 4 ሌሊት እናድራለን፤ እኔ፣ ባለቤቴ እና እማዬ። ማሬ የሚባለውን አሮጌ ሰፈር መርጠናል፤ ብዙው ነገር በእግር ይደረስበታል ስለሚባል። እማዬ ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ይከብዳታል። ሆቴሎቹ በፎቶ ሁሉም ያምራሉ፣ ሁሉም «በማሬ እምብርት» ይላሉ፤ ሁለት ባለ 3 ኮከብ ሆቴሎች አጠገብ ላጠገብ ሆነው ዋጋቸው በእጥፍ ሲለያይ አያለሁ። በምን ልለያቸው? ባለ ሦስት አልጋ አንድ ክፍል ይሻላል ወይስ ሁለት ክፍል? ቪዛውም ገና ነው፤ ቡኪንጉን እንዴት ላድርገው?

ካርታ_አንባቢ፦

«እምብርት» የሚለውን ቃል እርሺው፣ የፖስታ ቁጥሩን እዪ። ማሬ (ረግረግ ማለት ነው) በአስተዳደር ክልልነት የሚታወቅ ስም አይደለም፤ በ3ኛውና በ4ኛው አሮንዲስማን (የከተማው ወረዳ) ላይ የተዘረጋ ሰፈር ነው። ስለዚህ አድራሻው 75003 ወይም 75004 ካላለ ስሙን ብቻ ተውሷል ማለት ነው። 75004 ቢልም ሴንት ሉዊ ደሴት ላይ ወይም ከፖምፒዱ ማዕከል (የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም) ወዲያ ሊሆን ስለሚችል ካርታው ላይ አረጋግጪ። ፖምፒዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ለረጅም እድሳት ተዘግቷል፤ «ከፖምፒዱ 2 ደቂቃ» ለሚል ሆቴል ተጨማሪ አትክፈዪ።

ካርታው ላይ «ሆቴል» የተጻፈበት ሁሉም አልጋ የለውም። በድሮ ፈረንሳይኛ ቃሉ የመኳንንት ግቢን ይጠራል። ሆቴል ደ ቪል ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ሆቴል ሳሌ የፒካሶ ሙዚየም ነው። ሻንጣ ይዞ በራቸው ላይ የሚቆም ሰው አይጠፋም።

ሰፈሩን በሦስት ክፈይው። መሃሉ፣ ማለትም ሩ ዴ ሮዚዬ፣ ሩ ዴ ፍራን ቡርዧ እና ሩ ቪዬይ ዱ ታምፕል ያሉበት፣ ደማቁና ጫጫታው የበዛበት ነው። የብዙ ሰፈር ሱቆች እሁድ ሲዘጉ የዚህ ስለሚከፈቱ የከተማው ሰው እሁድ ከሰዓት እዚያ ይጎርፋል፤ የእግረኛ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ለእናትሽ አይመችም። ሰሜኑ (ሩ ደ ብረታኝ አካባቢ) የጋለሪና የልብስ ሾውሩም (ነጋዴዎች አዲስ ልብስ አይተው የሚያዙበት አዳራሽ) ሰፈር ነው። ደቡቡ፣ በሩ ሴንት አንትዋን እና በሴን ወንዝ መካከል ያለው፣ ከሁሉም ጸጥ ያለው ነው፤ መሬቱም ሜዳ ነው። እኔ ለሳቸው ይህን እመርጣለሁ።

ሜትሮውን ግን አትቁጠሪው። ሴን ፖል ጣቢያ መስመር 1 ላይ ስለሆነ ለሉቭር ሙዚየም በጣም ይመቻል፤ ሊፍት ግን የለውም። ሙሉ በሙሉ ደረጃ አልባ የሆነው መስመር 14 ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ማሬ ውስጥ አያልፍም። አውቶቡስ ይሻላል፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ መወጣጫም አለው። 69 ቁጥር በሴን ፖል አልፎ በሉቭር በኩል ወደ ኤፍል ማማ ይወስዳል። ሆቴሉ ከ69 ፌርማታ በስንት ሜትር ይርቃል የሚለው ከሜትሮ ርቀቱ ይበልጥ ይጠቅምሻል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ መስከረም 20 ማለት ሴፕቴምበር 30 ነው። በየዓመቱ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ የሴቶች ፋሽን ሳምንት ነው፤ ገዢዎቹ የሚያድሩት ደግሞ ሾውሩሞቹ ባሉበት በማሬ ነው። ቀኑን በ10 ቀን መግፋት ከቻልሽ ያንኑ ክፍል በሌላ ዋጋ ልታገኚው ትችያለሽ።

ፎቅና_ምድር፦

ካርታ_አንባቢ ስለ ቦታው ጨርሶታል። እኔ ስለ ሕንፃው ልጨምር፤ የዋጋው እጥፍ ልዩነት የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1962 የታሪካዊ ሰፈሮች ጥበቃ ሕግ አወጣች፤ ማሬ በ1964 ጥበቃ የሚደረግለት ክልል ሆነ። ሰፈሩ ከመፍረስ የዳነው በዚህ ነው። ለሆቴል ባለቤት ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ የውጭ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ አንዳንዴም የእንጨት ደረጃውን እንደፈለገ መንካት አይችልም። የኤሲ ማሽን ውጭ ለመስቀል እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል።

ከዚህ የተነሳ ሊፍቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ጠመዝማዛው ደረጃ መሃል ላይ ባለው ክፍት ቦታ ነው። ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ይቆምበታል፤ ሻንጣ ከገባ አንዱ ይወጣል። በሌላ ቤት ደግሞ ሊፍቱ በፎቆቹ መሃል ባለው ማረፊያ ላይ ይቆምና 6 ወይም 8 ደረጃ መውጣት ወይም መውረድ ይቀራል። የመጨረሻው ፎቅ ላይ የማይደርስም አለ። ከመንገዱ እስከ ሪሴፕሽኑ 3 ደረጃ ኖሮም ቡኪንግ ገጹ ላይ «ሊፍት አለ» ብሎ ይጻፋል፤ ውሸት አይደለም፣ ግን ለእናትሽ ጉልበት አይበቃም። ስለዚህ «ሊፍት አለ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «ከመንገዱ እስከ ክፍሉ አልጋ ድረስ ስንት ደረጃ በእግር ይወጣል? መደገፊያ አለው? ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱስ ስንተኛው ላይ ያቆማል?» ቁጥር ካልመለሱልሽ ሌላ ሆቴል ፈልጊ።

መታጠቢያ ቤቱንም እንደዚሁ። የገንዳው ጠርዝ ግማሽ ሜትር ከፍ ስለሚል ሻወር ለመውሰድ እግር አንስቶ መሻገር ነው፤ ደህና ጉልበት ላለው ምንም አይደል፣ ለታመመ ግን ከደረጃ ይብሳል፣ ያንሸራትታልና። «ዱሽ አ ሊታልየን» ካሉሽ ወለሉ እኩል የሆነ፣ ጠርዝ የሌለው ሻወር ነው። እሱን ጠይቂ።

የክፍል ስፋት ላይ ኮከቡ ትንሽ ይረዳል። በፈረንሳይ መለኪያ ባለ 3 ኮከብ የሁለት ሰው ክፍል ትንሹ 13.5 ካሬ ሜትር ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ተጨምሮ። አስቢው፦ 160 በ200 አልጋ ብቻውን 3.2 ካሬ ይወስዳል፣ መታጠቢያው 3 ገደማ። የቀረው መተላለፊያና የሻንጣ ቦታ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ባንዴ ተከፍቶ አይዘረጋም። «ዱብል» የሚሉት አልጋ ብዙ ጊዜ 140 ስፋት ነው፣ ለሁለት ሰው ይጠብባል። በሴንቲሜትር ይንገሩሽ። ባለ ሦስቱ ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያው ክፍል ሆኖ ተጣጣፊ አልጋ የገባበት ነው፤ ሌሊት እናትሽ ሲነሱ በእናንተ እግር ስር ያልፋሉ። በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች (ሻምብር ኮሙኒካንት) ካገኘሽ ዋጋው ተጨምሮም ያዋጣል።

ጣሪያው ስር ያለው ክፍል በፎቶ ያምራል፤ የእንጨት ተሸካሚው፣ ትንሿ መስኮት፣ የጣሪያው ባህር። የፓሪስ ጣሪያ ግን የዚንክ ቆርቆሮ ነው። (የዚንክ ጣሪያ ሠሪዎቹ ሙያ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ያ ግን ሙቀቱን አይቀንሰውም።) ቆርቆሮ ሥር ያደገ ሰው አይነገረውም፦ በሐምሌና ነሐሴ ያለ ኤሲ አይተኛበትም። በእናንተ ጊዜ ሙቀቱ አያሰጋም። የሚያሰጋው ጣሪያው ተዳፋት ስለሆነ ጭንቅላት መምታቱ፣ እና ሊፍቱ እዚያ አለመድረሱ ነው።

ኤሲ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። በብዙ አሮጌ ሆቴል ሙቁም ቀዝቃዛውም የሚሄደው በአንድ ጥንድ ቱቦ ነው፤ ሕንፃው በሙሉ ወይ ማሞቂያ ላይ ነው ወይ ማቀዝቀዣ ላይ። በኦክቶበር ወደ ማሞቂያ ከዞሩ አንቺ ክፍል ውስጥ ያለው ቁልፍ አያቀዘቅዝም። ያኔ የሚቀረው መስኮት መክፈት ነው፤ መስኮቱ ወደ መንገድ ከሆነ ደግሞ እንቅልፍ የለም። ስለዚህ ክፍሉ «ሱር ኩር» (ወደ ውስጥ ግቢ) ይሁን፣ «ሱር ሩ» (ወደ መንገድ) አይሁን።

ማታ_ማታ፦

ጫጫታው ላይ ትንሽ ልጨምር። በበጋ ብቻ የሚፈቀዱት የመንገድ ላይ መቀመጫዎች ከአፕሪል 1 እስከ ኦክቶበር 31 ይቆያሉ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መነሳት አለባቸው። ቋሚዎቹ መጠጥ ቤቶች ግን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሠራሉ። ያ ሲያልቅ የጠርሙስ መድፋት ድምፅ ይቀጥላል። ሩ ቪዬይ ዱ ታምፕል እና ሩ ዴ ዛርሺቭ ላይ ወደ መንገድ የሚያይ 1ኛ ወይም 2ኛ ፎቅ እንቅልፍ ለሚቀለው ሰው አይሆንም። ግቢም ሁሉ ጸጥታ አይደለም፦ ምድር ቤቱ ሬስቶራንት ከሆነ የኩሽናው አየር ማስወጫ የሚነፍሰው ወደዚያው ግቢ ነው። የሆቴሉን ሪቪው ስታነቢ በ«ኩር» እና በ«ብሩዊ» (ጫጫታ) ፈልጊ፤ የፈረንሳዮቹ ሪቪው በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ የለውም።

ደረሰኝ_ያዥ፦

ስለ ገንዘቡና ስለ ቪዛው። ገጹ ላይ ካለው ዋጋ ሌላ የከተማ ግብር አለ፤ በአዋቂ ሰው በሌሊት ይቆጠራል፣ ከ18 ዓመት በታች አይከፍልም። እ.ኤ.አ. በ2024 በጣም ጨምሯል፤ በዚያ ዓመት ባለ 3 ኮከብ 5.20 ዩሮ፣ ባለ 4 ደግሞ 8.13 ዩሮ ነበር። በዚያ ሂሳብ እንኳ ለእናንተ 3 ሰው በ4 ሌሊት 62.40 ወይም 97.56 ዩሮ ነው። ብዙ ጊዜ ሪሴፕሽን ላይ ነው የሚጠየቀው፤ ሁለት ሆቴል ስታወዳድሪ ጨምረሽ አወዳድሪ።

ከኤርፖርት በባቡር አትድከሙ። ከሻርል ደ ጎል ያለው የባቡር ትኬት በ2025 13 ዩሮ ነበር፣ ለሦስት 39። የታክሲ ቁርጥ ዋጋ ደግሞ ከወንዙ በስተቀኝ ላለው ዳርቻ (ማሬ እዚያ ነው) በዚያው ዓመት ለመኪናው 56 ዩሮ ነበር፤ ማታም፣ ሻንጣ ኖሮም ያው ነው። በ17 ዩሮ ልዩነት የሻትሌ ጣቢያን (ባቡር የሚቀየርበትን) ረጅም ኮሪደር ትተርፋላችሁ። ተሰልፋችሁ ከታክሲው ተራ ያዙ፤ አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ» እያለ የሚጠጋችሁን እለፉት። በመሃል ፓሪስ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ሰፈሩን አቋርጦ ማለፍ ለመኪና ተከልክሏል፣ ታክሲ ግን ይገባል፤ «በር ድረስ አልሄድም» ቢላችሁ አትስሙት።

ቪዛው፦ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ይገባል፣ ቢያንስ 15 ቀን ሲቀረው። ውሳኔው በተለምዶ 15 ቀን ነው፣ ወደ 45 ሊራዘም ይችላል። ስለዚህ ነፃ ስረዛው ከምትጠብቂው የቪዛ መልስ ቀን በኋላ የሚያልቅ ይሁን፤ «ከመድረሻ 2 ቀን በፊት ድረስ» የሚለው ጥሩ ነው። በፋሽን ሳምንት ሆቴሎቹ የማይመለስ ክፍያ ይወዳሉ፣ በ12 በመቶ ቅናሽ አትታለዪ። ማረጋገጫው ላይ የሦስታችሁም ስም እንደ ፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ይጻፍ፤ ብዙ ገጽ የአንዱን ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ለሆቴሉ ጽፎ ማስጨመር ነው።

ቦማርሼ_ማዶ፦

ይቅርታ፣ እኔ በካርታ_አንባቢ የፖስታ ቁጥር ሕግ አልስማማም። ቡልቫር ቦማርሼ ግራና ቀኝ ሁለት ሰፈር ነው፦ አንዱ ወገን ማሬ፣ ሌላው 75011። ከማዶው ተነስተሽ ፕላስ ዴ ቮዥ በ5 ደቂቃ ትደርሻለሽ። (አደባባዩ እ.ኤ.አ. በ1612 የተመረቀ ነው፤ ዙሪያው 36 ቤት፣ ከሥሩ መተላለፊያው የተሸፈነ ስለሆነ በዝናብም ይዞራል፣ ሣሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ።) ሰፊ መንገድ ስለሆነ ታክሲ በር ላይ ይቆማል፣ የእግረኛው መንገድም ለሁለት ሰው ይበቃል። ለጉልበት ብላችሁ ከሆነ ቆንጆው ጠባብ መንገድ ዳር ከማደር እዚያ አድሮ ቆንጆውን መጎብኘት ይሻላል።

ካርታ_አንባቢ፦

ቦታው እውነት ነው። ግን ቡልቫሩ ዳር ወደ መንገድ የሚያይ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ መኪና ይሰማዋል። ግቢ በኩል ካገኘች እስማማለሁ።

ለምለሚቱ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጽፌላቸው ሁለቱ በቁጥር መለሱ። አንደኛው ደቡብ ማሬ፣ ባለ 3 አልጋ 17 ካሬ፣ 5ኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ እስከ 4ኛ፣ ከዚያ 14 ደረጃ፣ ገንዳ ያለው። ሁለተኛው ቡልቫሩ ማዶ፣ የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች፣ 2ኛ ፎቅ፣ ወደ ግቢ፣ መግቢያው ላይ 2 ደረጃ ከዚያ ሊፍት እስከ ክፍሉ፣ አንደኛው ክፍል ጠርዝ የሌለው ሻወር አለው። ዋጋው በሌሊት 60 ዩሮ ይበልጣል። ሁለቱም ስረዛ ይፈቅዳሉ።

ፎቅና_ምድር፦

ሁለተኛው። የመጀመሪያው 14 ደረጃ በቀን አንዴ አይደለም፤ ጠዋት ወርዶ፣ ከሰዓት ለማረፍ ወጥቶ፣ ማታ ደግሞ አንድ ዙር ነው፣ ያም 28 ደረጃ ወደ ላይ፣ 28 ወደ ታች። ለታመመ ጉልበት መውረዱ ይብሳል።

ከመያዝሽ በፊት ሦስት ነገር ጻፊላቸው፦ መግቢያው ላይ ባሉት 2 ደረጃዎች በየትኛው ወገን መደገፊያ አለ፤ ጠርዝ የሌለው ሻወር ያለበት ክፍል ለእናትሽ ይመዝገብ፤ እና የክፍሎቹ ቁጥር ማረጋገጫው ላይ ይጻፍ። «የሚገናኙ ክፍሎች» የሚለው ብዙ ጊዜ ጥያቄ ተብሎ ነው የሚመዘገበው፣ ቁጥር ካልተጻፈበት የምትደርሺ ቀን በሁለት ፎቅ ተለያይታችሁ ልትገኙ ትችላላችሁ። ግቢው ውስጥ ኩሽና እንዳለም ማታ_ማታ እንዳለው ጠይቂ።