ጥቆማ፦ ጊዜው ያላለፈበት ፔሪዮዲክ ቴብል ከየት ይገኛል?

ለክፍል ግድግዳም ሆነ ለልጆቻችሁ ፔሪዮዲክ ቴብል የምትፈልጉ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ታችኛውን ጥግ እዩ። ከ113 እስከ 118 ባሉት ሳጥኖች ውስጥ ባለ ሦስት ፊደል ምልክት ካለ አትግዙ። እነዚያ ጊዜያዊ መጠሪያዎች ነበሩ። ኒሆኒየም፣ ሞስኮቪየም፣ ቴነሲን እና ኦጋነሰን ስማቸው የጸደቀው በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ነው። ፍሌሮቪየምና ሊቨርሞሪየም ደግሞ በ2012። ስቴሽነሪ ውስጥ ተጠቅልለው ከሚሸጡት ፖስተሮች አንዱን ሻጩ «አዲስ ነው» ብሎኝ ስዘረጋው 112 ላይ ያበቃል። አዲሱ ወረቀቱ ብቻ ነበር።

የእኔ ምርጫ የአዩፓክ (IUPAC፣ የዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት) ነው። ስሞቹን የሚያጸድቀው ራሱ ድርጅቱ ስለሆነ ከእሱ በላይ ምስክር የለም። ድረ ገጹ ላይ ፒዲኤፉ በነፃ ይወርዳል፤ በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. የወጣውን ውሰዱ። ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ማተሚያ ቤት ሂዱ፣ ኤ3 አሳትማችሁ ላሚኔት አስደርጉት። በቴሌግራም የተላከ ስክሪንሾት ይዛችሁ ግን እንዳትሄዱ፤ ሲተልቅ ቁጥሮቹ ይደበዝዛሉ። ባነር ላይ ማሠራትም ይቻላል፣ ግን የሚያብለጨልጨው ዓይነት መስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀለ ከኋላ ለተቀመጠ ተማሪ አይነበብም።

አንድ ነገር ግን ተማሪ ግራ ያጋባል። የሃይድሮጂን ክብደት 1.0080 ± 0.0002 ተብሎ ነው የተጻፈው። የአቶም ክብደት እንደ ናሙናው ምንጭ በጥቂቱ ስለሚለያይ ነው። እርሳስ ላይ ልዩነቱ ይብሳል፤ 207.2 ± 1.1። ቀድማችሁ ካላስረዳችሁ ጥያቄው አያልቅም።

ስልክ ወይም ፕሮጀክተር ላላችሁ ፒቴብል (Ptable) የተባለውን ድረ ገጽ የሚያክል የለም። የሙቀት መጠኑን እየገፋችሁ የቱ ጠጣር፣ የቱ ፈሳሽ እንደሚሆን ታያላችሁ። 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲደርስ ጋሊየምና ሲዚየም ከሜርኩሪና ከብሮሚን ጋር ፈሳሽ ሆነው ይወጣሉ። ልጆቹ ይህችን ይወዷታል!

የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ኬሚስትሪ ገጽም ጥሩ ነው፣ በተለይ ስለ አንድ ኤለመንት ታሪክና ጥቅም ማንበብ ለሚፈልግ። ቪዲዮዎቹ ግን ፓኬጅ ይበላሉ። ቁጥሮቹን ኤክሴል ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ ፐብኬም (PubChem) የተባለው የኬሚስትሪ መረጃ ድረ ገጽ ይሻለዋል፤ ሠንጠረዡን በፋይል አውርዶ መጠቀም ይቻላል።

በ2024 የጋዶሊኒየም፣ የሉቴቲየምና የዚርኮኒየም ክብደት ተሻሽሏል። ዚርኮኒየም ከ91.224 ወደ 91.222 ነው የወረደው። ለሃይስኩል ምንም አያመጣም፣ ለዚህ ብላችሁ የተሰቀለውን አታውርዱ። ለፈተና ደግሞ የየትኛውም ሠንጠረዥ ቁጥር ይቅርና ጥያቄ ወረቀቱ ላይ የተሰጠውን ተጠቀሙ። ክሎሪን 35.5 ካለ 35.5 ነው።