ከለቡ ወደ ጅቡቲ ለትምህርት፣ ብቻዬን በባቡር

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል። ቤታችን ለቡ ስለሆነ ብቻዬን በባቡር ልሄድ አስቤያለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ቲኬት ስትቆርጪ ፓስፖርትሽን ያዢ፤ ስምሽ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መጻፉን ከመስኮቱ ሳትርቂ እይ። ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቂ፤ 08:00 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ካመለጠሽ በማግስቱ ሌላ ባቡር ላይኖር ይችላል። የሚሸኝሽ ዘመድ ደግሞ ለገሃር እንዳይሄድ፣ እሱ የድሮው ጣቢያ ነው፤ የአሁኑ ፉሪ ለቡ ነው።

መልስ፦ ሰነዶችሽን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺ። ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የቅበላ ደብዳቤ፣ ሁሉም ዋናው ከነኮፒው በትንሽ ቦርሳ አንገትሽ ላይ ይሁን። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጡንና ወደ ፈረንሳይኛ ማስተርጎሙን እዚሁ ጨርሺ፤ ትምህርቱም በፈረንሳይኛ ስለሆነ ከአሁኑ ጀምሪ። ድንበር ላይ የመውጫ ማህተም ፓስፖርትሽ ላይ መመታቱን በዓይንሽ እይ፤ ያለሱ በኋላ ጣጣ አለው።

መልስ፦ ከድሬዳዋ ወዲያ ሙቀቱ ይበረታል፤ ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ፣ ዳቦ ቆሎም ቢሆን ያዢ። የምትወርጂበት ናጋድ ከመሃል ከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ሳትገቢ ዋጋ ተስማሚ። 1 ዶላር ወደ 177 የጅቡቲ ፍራንክ ነው፤ ከዚያ በጣም ያነሰ ከሰጡሽ አትመንዝሪ።