የአጥቢያችንን ታሪክ ፃፍ ተባልኩ፣ ከየት ልጀምር?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባህር ዳር ያለች አንዲት ትንሽ የወንጌላውያን አጥቢያ አባል ነኝ፣ ስሟን ለጊዜው ልተወው። ሽማግሌዎቹ የምስረታ በዓል ሊያከብሩ አስበዋል እና «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ» ብለው ታሪኳን ፃፍ አሉኝ። ኮምፒውተር መቻልና ታሪክ መፃፍ ምን እንዳገናኛቸው እሱ ይወቅ።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ አንዲት ገጠር ቀመስ ከተማ ነው የሚኖረው፣ እዛ የሚሄድባት የሜቶዲስት ቤተክርስቲያን የራሷን ታሪክ በትንሽ ቡክሌት አሳትማለች እና እንደ ሞዴል ተጠቀምባት ብሎ በቴሌግራም ስካን አድርጎ ላከልኝ። ከዲክሽነሪ ጋር እየታገልኩ አነበብኳት። ግማሹ የመጋቢ ስም ነው፣ አንዱ ሁለት ዓመት፣ አንዱ ሶስት ዓመት፣ አንዱ እንዲያውም አንድ ዓመት፣ አስር ዓመት የቆየ የለም፣ ምንድነው እያባረሯቸው ነው? ደሞ የቤተክርስቲያኗ ስም ሁለቴ ተቀይሯል። የቀረው ስለ ጣሪያው፣ ስለ ደወሉ፣ ሴቶቹ ኬክ ሸጠው ኦርጋን ስለመግዛታቸው ነው።

እኛ ጋ ደወል የለ፣ ኦርጋን የለ፣ ወረቀትም የለ። በደርግ ጊዜ የነበረው ሁሉ ወይ ተቃጥሏል ወይ ተቀብሯል ነው የሚሉኝ። እጄ ላይ ያለው ከ1984 ዓ.ም ጀምሮ የተያዘ ቃለ ጉባኤ፣ የቦታ ደብዳቤ፣ እና አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ስምንት ሰው ቆሟል፣ ከኋላ ዘንባባ (ባህር ዳር ዘንባባ የሌለበት ፎቶ መቼም የለም)፣ ጥግ ላይ አንዲት በርጩማ። ከስምንቱ አምስቱን የሚያውቃቸው ጠፋ።

እና ከየት ልጀምር? ሌላው ጥያቄ፣ በ90ዎቹ ውስጥ ግማሹ ምዕመን ተጣልቶ የወጣበት ጊዜ አለ፣ ይፃፍ ይታለፍ? ሽማግሌዎቹ «የሚያንፅ የሚያንፀውን ብቻ ፃፍ» ብለውኛል።

ከአባይ ማዶ፦
ኧረ አላባረሯቸውም ወንድሜ 😄 ሥነ መለኮት ስማር የሜቶዲስቶችን ታሪክ ወስጄ ነበርና የማስታውሰውን ልንገርህ። እነሱ ጋ መጋቢ የሚመደበው በጳጳሱ ነው፣ ምደባውም በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፣ ልክ እንደ መንግስት ሰራተኛ ዝውውር አለ። መነሻው ፈረስ ነው። የሜቶዲስቶች መስራች ዌስሊ እንግሊዝ ውስጥ፣ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1771 ወደ አሜሪካ የተላከው አዝበሪ፣ ሰባኪ አንድ ቦታ ከተቀመጠ ይዝጋል የሚል እምነት ነበራቸው፣ ስለዚህ አንዱ ሰባኪ ፈረሱ ላይ ሆኖ ብዙ መንደር በሳምንታት ይዞራል፣ ከዛ ወደ ሌላ ወረዳ ይቀየራል። አዝበሪ እራሱ እ.ኤ.አ. በ1816 እስኪሞት ድረስ የራሱ ቤት አልነበረውም፣ ኑሮው መንገድ ላይ ነው ያለቀው።

እና ዋናው ነገር ምን መሰለህ፣ ሰባኪው ሁሌ መንገድ ላይ ከሆነ አጥቢያዋን የሚይዛት ማነው? የሰፈሩ ሰው ነዋ። እነሱ «ክላስ» የሚሉት አለ፣ አስራ ሁለት አካባቢ ሰው የሚሆን ቡድን፣ የራሱ መሪ ያለው። አጀማመሩ ደሞ ያስቃል፣ መንፈሳዊ እቅድ ምናምን አልነበረም፣ ዕዳ ነው! እ.ኤ.አ. በ1742 ብሪስቶል ላይ የፀሎት ቤታቸው ዕዳ አለበት፣ እንዴት እንክፈል ብለው ሲመክሩ አንዱ ሁሉም በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣ ይላል፣ ድሃውስ ከየት ያመጣል ሲባል በጣም ድሃ የሆኑትን አስራ አንዱን ለኔ ስጡኝ፣ የጎደለባቸውን እኔ እሞላለሁ ብሎ ቁጭ። በቃ ሰብሳቢዎቹ ፔኒ ሊለቅሙ ቤት ለቤት ሲዞሩ ማን እንደታመመ፣ ማን ከሚስቱ እንደተጣላ፣ ማን እንደሚጠጣ አዩ፣ ዌስሊም ይሄማ ከገንዘቡ ይበልጣል አለ። የኛ እድር ብር ለቃሚ ማለት ነው፣ የሰፈሩን ጉድ ከሱ በላይ የሚያውቅ አለ?

ስለዚህ ቡክሌቷ የመጋቢዎቹን ስም ደርድራ የክላስ መሪዎቹን ከተወች ቤቱን ይዘው የኖሩትን ትታ እንግዶቹን ነው የመዘገበችው። አንተ እዛ ስህተት ውስጥ አትግባ።

ስሙ ሁለቴ ተቀየረ ያልከው፣ በየትኛው ዓመት ነው የተቀየረው?

የሽምብጥ ልጅ፦
አሁን አየሁት። መጀመሪያ መጨረሻው ላይ «ደቡብ» የሚል አለበት፣ በ1939 ደቡብ የሚለው ወጣ፣ ከዛ በ1968 «የተባበረች» የሚል ተጨመረ። በፈረንጅ ነው ዓመቱ።

ከአባይ ማዶ፦
በቃ የጠየቅከው ፀብ እዛው አለልህ። እ.ኤ.አ. በ1844 የአሜሪካ ሜቶዲስቶች በባርነት ጉዳይ ለሁለት ተሰነጠቁ፣ ምክንያቱ ባሪያ ያለው ጳጳስ በስልጣኑ ይቀጥላል አይቀጥልም የሚል ነው። የደቡቦቹ የራሳቸውን አቋቋሙ። እንደገና የተቀላቀሉት በ1939 ነው፣ ማለት ዘጠና ምናምን ዓመት ተለያይተው። በ1968 ደግሞ ከሌላ የጀርመን ዝርያ ካላት ቤተክርስቲያን ጋር ተዋሃዱ፣ «የተባበረች» የሚለው ከዛ ነው። ቡክሌቷ ስለ ባርነት ምን ትላለች?

የሽምብጥ ልጅ፦
ምንም። «ስሟ ተቀየረ» ብላ ወደ ጣሪያው ነው የሄደችው። ስለ ጣሪያው ግን ሁለት ገፅ አላት።

የዘጌ ዲያቆን፦
እኔ እንኳን ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እንግዳ ሆኜ ነው የገባሁት አትቆጡኝ። «ታሪክ የለንም ወረቀት የለንም» ስትል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ ጋ የደብር ታሪክ የት እንደሚፃፍ ታውቃለህ? ወንጌሉ ላይ። ንጉሥ ለገዳም ርስት ሲሰጥ፣ ሰው ንዋየ ቅድሳት ሲሰጥ፣ በትልቁ ወንጌል ባዶ ገፅና ጠርዝ ላይ ይከተባል፣ ምስክሮቹም በስም ይጠራሉ፣ ወንጌል ላይ የሰፈረውን ደፍሮ የሚፍቅ የለም ተብሎ። ምሁራኑ የድሮውን የመሬት ስሪት የሚያጠኑት ከዛ ጠርዝ ላይ እየለቀሙ ነው። የኔ አያት ማንበብ አትችልም ነበር ግን ዳዊቷ ኋላ ላይ የስድስቱንም ልጆቿን ክርስትና ቄሱን እየለመነች አስፅፋለች፣ አንዱ ላይ «ዝናብ ነበር» የሚል ሁሉ አለ።

እና የድሮ አባሎቻችሁን መፅሐፍ ቅዱስ ጠይቅ፣ ያ በጃንሆይ ጊዜ የወጣው የ1954ቱ እትም ያላቸው ካሉ፣ ፊትና ኋላ ያሉትን ባዶ ገፆች በስልክህ አንሳ። ሰው ወረቀት ቢያቃጥልም መፅሐፍ ቅዱስ አያቃጥልም።

ደሞ ሳልረሳው፣ ጣና ዳር እንግዳ ሃይማኖት በናንተ አልተጀመረም፣ ጎርጎራ ሂድና የኢየሱሳውያኑን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን ማለት ነው፣ ፍርስራሽ እይ። ከነሱ አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 እዛው ነው የሞተው። ካቶሊክ የሆነው አፄ ሱስንዮስም ስንት ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የድሮውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቀ። ይሄን እንኳ ለነገር አይደለም ያነሳሁት 😂

የታሪክ መምህር፦
ዲያቆኑ ነገሩን ካነሳው አይቀር፣ ፕሮቴስታንት ከተባለ ከሐይቁ ሰሜን ደምቢያ ጀንዳ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1860 አካባቢ ሚስዮናውያኑ እነ ፍላድና ስተርን ቤተ እስራኤልን ለመስበክ ገብተውበት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሲፈቅዱላቸው ግን የሚያምነው ሁሉ በኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን እንዲጠመቅ በሚል ነው፣ ስለዚህ የራሳቸውን አጥቢያ አልተከሉም። ይሄን የምነግርህ እንድትፅፈው ሳይሆን እንዳትፅፈው ነው። የበዓል መፅሔት ላይ ሁሌ የማየው በሽታ አለ፣ ስለ አጥቢያው ሶስት ገፅ ለመፃፍ ከአዳም ይጀምራሉ። ያንተዋ አጥቢያ ከጀንዳ ጋር መስመር ከሌላት አትቀጥላት፣ ከተማዋ ውስጥ መቼ ማን መጣ ብለህ ጀምር።

የፋብሪካው ልጅ፦
ልጄ እኔ እድሜዬ ገፋ ብሏል፣ ስፅፍ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ። መምህሩ ያለው ልክ ነው፣ ማን መጣ ብለህ ጠይቅ። ባህር ዳር ያኔ ትንሽ መንደር ነበረች፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሳ ሲቆም፣ ቀጥሎ ደግሞ ሩሲያኖቹ ፖሊን (ፖሊ ቴክኒኩን) ሲሰሩ ከየአገሩ ሰው ጎረፈ። አባቴ ከነቀምት ነው ለፋብሪካው የመጣው፣ ወንጌሉን ይዞት ነው የመጣው፣ እዚህ ሲደርስ አብሮት የሚፀልይ ሰው አጣ። ሰው ያገኘው በፈረቃ ነው። አብረውት ማታ የሚገቡ ሁለት ሰዎች ሲፀልዩ ሰምቷቸው ነው፣ ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም አይሰማንም ብለው ጮክ ብለው ነበር የሚፀልዩት። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ፖሊ ተማሪ ነበር፣ ኮሚኒስቶች ባቆሙት ትምህርት ቤት መፅሐፍ ቅዱስ ያጠኑ ነበር ከጓደኞቹ ጋር፣ አይገርምም?

በደርግ ጊዜ ህብረቱ ቤት ለቤት ሆነ። የኛም ቤት አንዱ ነበር፣ እኔ ልጅ ነኝ፣ ስራዬ የጫማ ነው። በር ላይ ብዙ ጫማ ከታየ አብዮት ጠባቂ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ጫማውን ሁሉ በዘንቢል ሰብስቤ ጓዳ እወስዳለሁ፣ ሲወጡ የማን የማን እንደሆነ መለየት ነው ጭንቁ፣ አንዴ አንዱ ጋሼ ግራ እግሩን የሌላ ሰው አድርጎ እስከ ቀበሌ 11 ሄዷል። ረከቦት ሁሌ ተዘርግቶ ነው፣ በሩ ሲንኳኳ ቡና ነው። መዝሙር በከንፈር ብቻ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ እናቴ ግን ተመስጣ ታመልጣት ነበርና አባቴ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል። መፅሐፍ ቅዱሱ ጤፍ ውስጥ ነው የሚቀበረው፣ ዛሬም ስከፍተው ከማጠፊያው ላይ ጤፍ ይወጣል።

አሁን መድረክ ላይ የሚጠሩት ወንድሞች ናቸው፣ ይጠሩ ግድ የለም። ግን ቤቱ የማን ነበር ብለህ ጠይቅ። ቤቱ ቢያዝ የምትታሰረው ባለቤቷ ናት። በየቤቱ አንዲት ሴት ነበረች።

ወጥቼ የቀረሁ፦
እኔ እንግዲህ በ90ዎቹ ከወጡት ነኝ፣ የአንተ አጥቢያ ትሁን ሌላ አላውቅም፣ በየቦታው ተመሳሳይ ነገር ነበር። «የሚያንፅ ብቻ» የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። የኛ ፀብ ሲነሳ ጭብጨባና ከበሮ ነው የተባለው፣ ወጣቱ ኪቦርድ ፈለገ፣ ትልልቆቹ ዓለማዊ ነው አሉ፣ ከዛ ወደ ሒሳብ ዞረ፣ ከዛ ወደ ዘር ዞረ፣ መጨረሻ ላይ ማን ቁልፍ ይያዝ ሆነ። ኪቦርዱን አሁን ሁለቱም ጋ ታገኘዋለህ። እኔ ግን አስራ አንድ ዓመት ያስተማርኩበት የሰንበት ትምህርት ቤት ስሜ የለም፣ የወጡት ሁሉ ከመዝገቡ ተሰርዘው ነው፣ በቀይ እስኪሪፕቶ። ታሪኩን ከዘለልከው እኔ የዛን ጊዜ አልነበርኩም ማለት ነው። ስድብ አትፃፍ፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አትፃፍ፣ ይህን ያህል ሰው ነበር፣ በዚህ ዓመት ይህን ያህሉ ወጣ ብለህ ፃፍ፣ ስማቸውን ፃፍ። እሱም ከበዛባቸው የስም ዝርዝሩን ብቻ ከኋላ አድርገው።

ከአባይ ማዶ፦
ቀዩን እስኪሪፕቶ በጣም ነው ያሳዘነኝ። የሽምብጥ ልጅ፣ የናንተም ቃለ ጉባኤ ላይ ካለ እሱን እራሱን ስካን አድርገው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሜቶዲስት የሚለውም ስም ስድብ ነበር እኮ። ኦክስፎርድ ላይ እነ ዌስሊ በሰዓት ሲፀልዩ በሰዓት ሲፆሙ ሌሎቹ ተማሪዎች ሊቀልዱባቸው ያወጡላቸው ነው፣ ስርዓተኞች እንደማለት። እኛን ጴንጤ ሲሉን እናቴ ታለቅስ ነበር፣ አሁን እኔው እራሴን ጴንጤ ነኝ እላለሁ። መቼ ነው ስድብ መሆኑ የቀረው ብለህ ትልልቆቹን ጠይቃቸው፣ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

የሽምብጥ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የጠፋሁት በስራ ነው። የፋብሪካው ልጅ፣ እርስዎ ያሉትን ይዤ ሽማግሌዎቹን «ቤቱ የማን ነበር» አልኳቸው፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዛ አንዷን እማማ ጠቆሙኝ፣ አሁን አርጅተዋል ከቤት አይወጡም፣ በመዝገባችን ላይ «ምዕመን» ብቻ ተብለው ነው ያሉት። ቅዳሜ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀዳኋቸው፣ ግማሹ ስለ ጉልበታቸው ህመም ነው ግን ይሁን። ፎቶውን ሳሳያቸው መነፅራቸውን ፈለጉ፣ ከማይታወቁት አምስቱ አራቱን በስም ጠሯቸው፣ ሁለቱ የፋብሪካ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ተማሪ። እርስዎስ የት አሉ እማማ ስላቸው «ቡና ላይ ነበርኩ» አሉኝ። ከዛ ጣታቸውን ፎቶው ጥግ ላይ አደረጉና «በርጩማዋ ግን የኔ ናት» አሉ። ለካ ቤታቸው ቁጭ ብዬባት የነበረችው እሷው ናት።

መፅሐፍ ቅዱሳቸው ኋላ ላይም ፅሑፍ አለ፣ በእርሳስ ነው፣ ደብዝዟል፣ ስም አይደለም፣ የስኳርና የቡና ሒሳብ ነው የሚመስለው በየሳምንቱ። መጀመሪያ ልተወው ነበር።

የዘጌ ዲያቆን፦
እንዳትተወው! ስንት ሲኒ ብሎ ከፃፈ ስንት ሰው እንደመጣ ታውቃለህ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ሲኒ አይልም፣ ስኳር ነው የሚለው። ግን ቆይ፣ በሶስተኛው ወር ላይ በእጥፍ ጨምሯል። ነገ ልደውልላቸው።