«ቬሪ ሪኮመንድ» ለምን አይባልም? ለልጅቷ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው

ሰብለ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት ሱፐርቫይዘር ነኝ። አብራኝ 6 ዓመት የሠራች ልጅ ዱባይ ሥራ አመልክታ፣ በእንግሊዝኛ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፊልኝ አለችኝ። በደስታ ጻፍኩ። ለአለቃዬ ባሳየው ቀይ በቀይ አድርጎ መለሰልኝ።

«አይ ቬሪ ሪኮመንድ ሄር» ያልኩትን «ሃይሊ ሪኮመንድ» አደረገው። እሺ ብዬ ሌላ ቦታ «ሃይሊ ሰፖርት» ብል እሱንም ሰርዞ «ስትሮንግሊ» አለው። «ሃይሊ ግሬትፉል» ደግሞ «ዲፕሊ» ሆነ። ለምን ስለው «እንደዚያ ነው የሚባለው» ብቻ። ለእኔ ሁሉም «በጣም» ነው!

ልጅቷ አንሶላ ካነጠፈች በኋላ አራቱንም ጥግ በመዳፏ ሁለቴ ሳትዳብስ ከክፍሉ አትወጣም። የኔ እንግሊዝኛ እንዲያሳንሳት አልፈልግም። ሕጉን የሚያስረዳኝ አለ?

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ ሰብለ፣ እርማቱ ልክ ነው። ግን ምክንያቱም ሊነገርሽ ይገባ ነበር።

«ቬሪ» ላይ ሕግ አለ። ቅጽልን ያጎላል፤ «ቬሪ ጉድ» ይባላል። ግሥ ፊት ግን ብቻውን አይቆምም። የቀረው ሁሉ ከሕግ ይልቅ የቃላት ጉርብትና ነው። እኛ ቡናው «ወፍራም» ነው እንላለን። እንግሊዞች «ስትሮንግ» ይሉታል፣ ጠንካራ እንደማለት። ቃል በቃል ተርጉመሽ «ፋት ኮፊ» ብትይ ማንም አይገባውም። እኛም ብንሆን ቡናው «ጎበዝ» ነው አንልም። ለምን ቢሉን መልስ የለንም፤ ጆሯችን ብቻ ያውቃል። ፈርዝ የሚባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ በ1957 ይህንኑ ብሏል፤ ቃል የሚታወቀው አብሮት በሚውለው ቃል ነው።

አሁን ወደ ምስጋናው። «ሃይሊ» ከፍታን ያሳያል፤ ሰውን ከፍ አድርጎ ከማየት ጋር ይሄዳል። «ሃይሊ ሪኮመንድ»፣ «ሃይሊ ሪስፔክትድ»፣ «ሃይሊ ስኪልድ»። «ስትሮንግሊ» የአቋም ቃል ነው። «ስትሮንግሊ ሰፖርት» ይባላል፣ ለተቃውሞም «ስትሮንግሊ ኦፖዝ»። መጠይቅ ስትሞዪ «ስትሮንግሊ አግሪ» የሚለውን ሳታዪው አትቀሪም። እኛም «አጥብቄ እቃወማለሁ»፣ «አጥብቄ እመክራለሁ» የምንለው ለዚሁ ነው። «ሪኮመንድ» ከሁለቱም ጋር ይስማማል፤ «ሰፖርት» ግን ከ«ሃይሊ» ጋር አይሄድም። «ዲፕሊ» ከሆድ ለሚወጣ ስሜት ነው፤ «ዲፕሊ ግሬትፉል» ከልብ ማመስገን ነው።

አንዳንዴ ደግሞ እንገጣጠማለን። ሞቅ ያለ አቀባበል እነሱም ጋ «ዋርም ዌልካም» ነው፤ ሙሉ ድጋፍም «ፉል ሰፖርት»።

አንድ ተማሪዎቼን ሁሌ የሚያሳስታቸው ነገር አለ፤ «አፕሩቭ»። አለቃሽ የዓመት ፈቃድሽን ሲፈርምልሽ «አፕሩቭ» አደረገው ይባላል፤ ማጽደቅ ነው። እናትሽ እጮኛሽን ከወደደችልሽ ግን «ኦፍ» ይጨመርና «አፕሩቭስ ኦፍ ሂም» ይሆናል። በአንዲት «ኦፍ» ፊርማው ወደ መውደድ ይዞራል።

የአንሶላውን ነገር ደግሞ ደብዳቤው ውስጥ አስገቢው፣ እለምንሻለሁ። «ሺ ቴክስ ግሬት ፕራይድ ኢን ሄር ወርክ»፣ በሥራዋ በጣም ትኮራለች፣ በይና ቀጥሎ መዳፏን ጻፊ። «ቢግ ፕራይድ» እንዳትይ ብቻ። ለኩራት፣ ለጥንቃቄ፣ ለአክብሮት «ግሬት» ነው።

ከአቡዳቢ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። እህት ሰብለ፣ «ኳይት ጉድ» የሚል ካለበት አውጪው። ለአሜሪካኖች ጥሩ ምስጋና ነው፤ ብዙ እንግሊዞች ግን «ደህና ናት፣ ምንም አትል» ብለው ያነቡታል። በተቃራኒው «ኖት ባድ አት ኦል»፣ ቃል በቃል «በጭራሽ መጥፎ አይደለም»፣ ሲሉ እያደነቁ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ግምገማዬ ላይ እንግሊዛዊው አለቃዬ ይህን ጽፎብኝ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ለቤተሰብ ሁሉ ደውዬ ነበር። በወሩ ደመወዝ ጨመረልኝ።

ሰብለ (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ሁለታችሁም። «ኳይት ጉድ» ሁለት ቦታ ነበረ፤ አወጣሁት። መዳፏንም ጻፍኩት።

መምህር፣ አንድ ብቻ ልጠይቅዎ። አለቃዬ መጨረሻው ላይ «አይ ሪኮመንድ ሄር ዊዝአውት ሪዘርቬሽን» ብሎ ጨምሯል። እኛ ሆቴል ሪዘርቬሽን ማለት የአልጋ ማስያዝ ነው። ምን አገናኘው?

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

እዚህ ላይ ሪዘርቬሽን ማለት በሆድ የተያዘ ጥርጣሬ ነው። ሰውዬው «ስለ እሷ ሆዴ ውስጥ ያስቀረሁት ነገር የለም» እያለልሽ ነው። ለድጋፍ ደብዳቤ ከዚህ በላይ የሚባል ብዙም የለም። ይህቺን አትንኪያት።

ሰብለ (አዲስ አበባ)

እኔስ ሊያሳንሳት መስሎኝ ልሰርዘው ነበር! በሉ ሄጄ ላትመው፤ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ፈረቃ ትገባለች።