የካውቦይ ፊልም «አክተር» ለምን ተለወጠ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። አባቴ በወጣትነቱ እዚሁ ድሬዳዋ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያያቸውን የካውቦይ ፊልሞች ሰሞኑን ማታ ማታ አብረን እያየን ነው። በ1940ዎቹ በተሠሩት (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «አክተሩ» ፂሙን የተላጨ፣ ለሕግ የቆመ ሰው ነው፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት ግን ሳምንት ያልታጠበ፣ ለከፈለው ሁሉ የሚተኩስ ሆኖ ይመጣል። አባቴ «ዘመኑ ነው የተበላሸው» ብሎ ዘጋው። የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ፉርጎ፦
ወንድማችን፣ ይህ የፊልም ዓይነት ከመነሻው ያለፈ ዘመን ናፋቂ ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚፈጀው «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» በ1903፣ ማለትም ባቡር እኛ ከተማ በገባ በዓመቱ ሲወጣ፣ የአሜሪካን ምዕራብ የማቅናቱ ዘመን አብቅቶ ነበር። በእነዚህ ፊልሞች ባቡር ሲመጣ ዳኛውም ነጋዴውም ተከትለው ይመጣሉ፤ ከተማዋን በሽጉጡ የጠበቀው ሰው ግን ሕግ ከገባ በኋላ የሚቀመጥበት ወንበር አያገኝም። ድሬዳዋ ራሷ ከሐዲዱ ጋር የተወለደች ስለሆነች ታሪኩ ለአባቶቻችን ባዕድ የሆነባቸው አይመስለኝም።

ጀጎል፦
ባቡሩ ተራራውን ፈርቶ እኛን ሐረሮችን ጥሎን ማለፉን ትቼ ወደ ጥያቄው ልግባ። ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 ያወጣውን ፊልም፣ ታሪኩን ከጃፓናዊው ዳይሬክተር ኩሮሳዋ የሳሙራይ ፊልም ወስዶ፣ የውጭውን ትዕይንት ስፔን ውስጥ ቀርጾ፣ ለአሜሪካ ጀግንነት ምንም ይሉኝታ ሳይዘው ሠርቶታል። ጥርጣሬው ግን ከዚያ በፊት እዚያው ሆሊውድ ውስጥ ተጀምሯል። በ1952 «ሃይ ኑን» ሕግ አስከባሪው ነፍሰ ገዳዮች ሲመጡበት የከተማው ሰው አንድ በአንድ ፊቱን ያዞርበታል፤ ደራሲው ካርል ፎርማንም ስለ ኮሙኒስትነት በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የተጠየቀው ፊልሙ በሚሠራበት ወቅት ነበር። በ1956 በጆን ፎርድ «ዘ ሰርቸርስ» ደግሞ ጆን ዌይን ኮማንቺ የሚባሉትን ቀይ ሕንዶች ከመጥላቱ የተነሣ እነሱ የወሰዷትን የወንድሙን ልጅ ሊገድላት ያስባል። በመጨረሻ ግን ቤት ያደርሳታል፤ ሁሉም ሲገቡ እሱ ክንዱን ይዞ ደጅ ይቆማል፣ ዞሮ ይሄዳል፣ በሩም ይዘጋል። የእኛ «ሽፍታ» ወንበዴውንም፣ በደል አስመርሮት ጫካ የገባውንም የሚይዝ ቃል ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተው ነበር። ይህን ሰው ለመረዳት ቃሉ የሚበቃን ይመስለኛል።

ሳቢያን፦
ሁለታችሁም ስለ ነጩ ሰው ብቻ ጻፋችሁ። የታሪክ ጸሐፊዎች ከአራት ካውቦይ አንዱ ያህል ጥቁር እንደ ነበር ይገምታሉ፤ ለአሥርተ ዓመታት በፊልሙ ውስጥ ግን ፈልጋችሁ አታገኟቸውም። ቀይ ሕንዶቹም ቢሆኑ ከኮረብታ ጀርባ ብቅ ብለው የሚሞቱ ነበሩ።

የከዚራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ «ዘ ሰርቸርስ»ን አየነው። አባቴ ፊልሙን ሦስት ጊዜ እንዳየው፣ ሆኖም ሊያልቅ ሲል ሰው ሁሉ ለመውጣት ይጋፋ ስለ ነበር በሩ ሲዘጋ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ።